በየትኛው ብርሃን?

ላውሻ ይሉታል፣ ገደል ያቀፈው መንደር፣
ጣሪያው ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳውም ጭምር።
ከየና ተነሥቼ፣ ሁለት ባቡር ቀይሬ፣
የፊቴን እኩሌታ በፋሻ አስሬ፣
በረዶው ሲሟሟ ደረስኩኝ ከቤቷ፤
«ዐይን ሠሪ» ይላል የበር ላይ ጽሕፈቷ።

እኔ ሌንስ ሞራጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ሩቁን አቀርባለሁ ለሚመለከቱ ሁሉ፤
አንድ ቀን ከመሞረጃው ስንጥር ተፈናጥራ
ገባች ከቀኝ ዐይኔ፣ ሳትጠራ፣ ደፍራ።
«ዐይን ስለ ዐይን» ያልነው ያ የጥንቱ ሕግ
እዚህ ቅጽ ነው፣ ባለ ሦስት ገጽ፣ ማኅተም የሚፈልግ።

ሮስቪታ ትባላለች። ስድሳ ሁለት ሞላት።
ልጇ ቲልማን ደግሞ ካሜራ ገዛላት፣
ቀለምን በቍጥር የሚመነዝርላት።
ደቀነው፤ ብልጭታው ግንባሬን ገረፈ፤
ስክሪኑም «ቡናማ፣ ሠላሳ አራት» ጻፈ።
«በቃ፣ ማተም» አለ፣ «ለምን እንደክማለን?
ለእኩለ ቀን ባቡር እንግዳውን እናደርሳለን።»

እናቱ ዝም አለች። ወንበሯን ጎተተች፣
ትንፋሿ እስኪሰማኝ ዐይኔን ተመለከተች።
«ሠላሳ አራት አይደለም። ዳር ዳሩ አመድ ነው፣
መሀሉ የማር ወለላ፣ ታቹን ዝገት የያዘው፤
እዚህ ጋ ነጥብ አለች፣ ቀለሟን እንጃላት፣
ቆይ... ከዝናብ በኋላ የመንገድ ጭቃ ልበላት።»
በመስተዋት ኖሬ፣ መስተዋት አብልቶኝ፣
የገዛ ዐይኔን ቀለም ሌላ ሰው ነገረኝ።

ከዚያ እሳት ለኮሰች።
ነጭ የመስተዋት ቧንቧ፣ ወተት የመሰለ፣
እፍ ስትልበት አብጦ እምቧይ አከለ፤
ቀጥላም በጋለ፣ በሚንጠባጠብ ዘንግ
አመድ፣ ማር፣ ዝገቱን ዙሪያውን ስታደርግ፣
ብሩሽ የለ፣ ሸራ የለ። እጅ ካመነታ
ሁሉም ይፈስሳል ባንዲት ቅጽበት ፋታ።
ልጇ ከመለኪያው ሙቀቱን ያነባል፤
«ቀንሺ፣ ቀንሺ፤ ይሰነጠቅብሻል።»
አትመልስለትም። እጇ ግን ሰምቶታል።

በድንገት ቆመች፣ ጥቁሯ ዘንግ በእጇ፤
ዞር አለች ወደ እኔ፤ ዝም አለ ልጇ።
«የሕያው ዐይን ብሌን ይሰፋል፣ ይጠባል፤
ፀሐይ ላይ ነጥብ ነው፣ ማታ ጉድጓድ ያህላል።
ይኼ ግን አይሰፋም፣ አይጠብም፤ አንዴ ነው።
በየትኛው ብርሃን ልሣልህ? ምረጠው።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
ሐኪም ሕመሜን፣ ጸሐፊ ስሜን ይጠይቃል።
አሰብኩ።
የቀትር ፀሐይ ብል፣ ብሌኔ ይጠባል፣
ሁልጊዜ የተቆጣ፣ የሚከስስ ይመስላል።
ጨለማውን ብልስ? ይሰፋና ቅጥ ያጣል፣
ያየኝ ሰው በሙሉ «ምን አስፈራው?» ይላል።

«ሥራ ስንፈታ» አልኩ፣ «ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣
የትራም ፌርማታው መብራት ገና ሳይታይ፣
ከወዲያ የሚመጣው ማን እንደሆነ ለይቼ
ሰላም የምልበት፣ እጄን አንሥቼ።
ያንን ብርሃን ሣዪልኝ።»

ቲልማን ተነሣና የጣሪያውን መብራት
ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ መለኪያ ይዞለት።
«ይህን ያህል ነው?» አለኝ። «ጥቂት ጨምር።» ጨመረ።
«እዚያ ላይ።» ጎንበስ አለ፣ ግራዬን ቀመረ፦
«ሦስት ሚሊ ተኩል።» እናትየው ሰማች፤
ጥቁሯን ጠብታ ከመሀል አኖረች።

ለበስኩት። ቀዘቀዘኝ፣ እንደ ወንዝ ጠጠር።
«አያይም» አለችኝ፣ «ሥራው መታየት ነው፤
እንባህ ግን እንደ ድሮው ያረጥበዋል፤ እወቀው።
እንባ መስተዋት ይበላል፤ ቀስ በቀስ ያሻክራል፤
ቢቆይ ዓመት ከመንፈቅ፤ ከዚያ ያስመልስሃል።
ያኔ ሌላ እሠራለሁ። የዛሬውን አልቀዳም፤
ግራህም ያረጃል፣ ቀለም ባለበት አይረጋም።»

ባቡሩ ዋሻ ገባ። ግራዬ ተጨነቀ፣
ብሌኑን በረገደ፣ ጨለማ አጠለቀ።
ቀኜ ግን ምን ገዶት፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ
ፌርማታው ጋ ቆሟል፣ የሚመጣውን ሊያይ።