አራት ሰከንድ

አቃቂ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
የጋሽ ይርዳው ቪዲዮ ቤት፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ነዶ፤
መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ለሴት ግን ጥያቄ አለው፦
«የማን ልጅ ነሽ?» ይላል በር ላይ ያለው።

የካራቴው ካሴት ሲያስቸግር አሮጌ ኮንሰርት ይከፈታል፣
ፀጉራም ፈረንጅ ጊታሩን እንደ ማጭድ ይዞ ይጮኻል።
ሕዝቡ ጭቃ ውስጥ ይዘላል፤
ጭቃው ብቻ ነው የኛን ሰፈር የሚመስል።

እኔ ከኋላ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣
ፊት እፈልጋለሁ።
አንዱ ጥቁር መድረክ ይጠርጋል።
ሌላው ገመድ ይጠቀልላል።
ከዚያ በስተግራ፣ ከከበሮው ጥግ፣
አንዲት ሴት፣ ፀጉሯ እንደኔው ያልተተኮሰ፣
ቤዝ ጊታር አንግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፤
አራት ሰከንድ። ቆጥሬያለሁ።
ካሜራው ወደ ፀጉራሙ ተመለሰ።

«ጋሽ ይርዳው፣ አንዴ ይመልሱልኝ!»
«ኧረ ይለፍ!» ፉጨት።
እሳቸው ግን ይመልሱታል፤
ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።
በማግስቱም። በሳምንቱም።
ክረምቱን ሙሉ እዚያችው ላይ ስንመላለስ
ቴፑ ሳሳ፤
መጀመሪያ ጣቷን ነጭ ጭረት በላው፣ ቀጥሎ አንገቷን፣
በመስከረም ፊቷን።
እየፈለግን አጠፋናት።

ፀጉራሙ ግን ምን ሆኖ!
እሱን ማን መልሶት ያውቃል?
ዛሬም ጥርት ብሎ ይጮኻል።

ቪዲዮ ቤቱ አሁን ብሎኬት መሸጫ ነው።
እኔ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣
በተውሶ ቤዝ ያቺን ቁራጭ እጫወታለሁ።
ከአራተኛው ሰከንድ በኋላ ያለውን
ማንም አላሳየኝም፣
ከራሴ እጨምራለሁ።
ጎረቤቴ ግድግዳውን ይደበድባል፤
ምቱን ግን አይጠብቅም።