ካሴቱ የበላው ስንኝ

ሆጤ ሜዳ ማታ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ፣
ሰው ከሰው ተጣብቆ፣ ብርዱን በሳቅ ማግዶ፣
ባንዱ ሲጀማምር
ጭብጨባችን ቀድሞት እላይ ደርሶ ነበር።
ከበሮው አልመጣም፤
የተነሣው እጃችን መውረጃ አላገኘም።

ያ በባቲ ቅኝት የሚያስረግጠን ዜማ
በአንቺሆዬ ሆኖ፣
ዳገት እንደ ያዘ ሽማግሌ፣ ቀስ ብሎ ተሰማ።

«የድሮውን!» አለ ከኋላ ጎረምሳ፤
«ብሬን መልሱ!» አለ ጎሚስታው እንድሪስ፣ ቁጣው ተነሣ።

የእንድሪስን ካሴት እኔ አውቀዋለሁ፤
ቴፑ ጎርሶ ሲበጥስበት
በዘይነባ ጥፍር ቀለም ሲያጣብቀው አይቻለሁ።
ጎማ እየለጠፈ ሲዘፍን፣ «ቦርከና ሞልቶብኝ» ይልና
ዘሎ «ሳቀች» ይላል፤
መሃሉን ቴፑ በልቶታልና።

ዘፋኙ እዚያ ደረሰ።
«ቦርከና ሞልቶብኝ...» ቆየት አለ፣ ተነፈሰ፤
ያ የተበላው ስንኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣
ወጣ፣ ቃል በቃል ተፍታቶ።

እንድሪስ ወደ እኔ ዞረ፦
«ይሄ... አሁን የጨመሩት ነው?»
«እንጃ» አልኩት።

ሜዳው «የድሮውን!» ይላል፣ ይጮሃል እንደገና፤
እንድሪስ ጎረምሳውን በክርኑ ገፋ አደረገና፣
«ዝም በል» አለው፣ «ልስማበት!»