ቀሪ

የስድሳ ስድስትን ምዕራፍ ላስተምር፣
ዕጣ ቀዳደድኩኝ ከአሮጌ ደብተር።
ባዩህ ባላባት ሆነ፣ እንየው ጭሰኛ፣
አትጠገብ ወታደር፣ የአዘዞ እግረኛ፤
ሰጠኝ ታክሲ ነጂ፣ ቤንዚን የናረበት፣
ማዘንጊያ ተማሪ፣ ትምህርት የቆመበት።

ወንበሩን አስጠጋን፤ አንድ የጠመኔ መስመር
ወለሉ ላይ ሆነ የባዩህ ርስት ድንበር።
«መሬት ላራሹ!» ሲሉ ዳይሬክተሩ መጣ፣
አየና ፈገግ አለ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ወጣ።

በዕቅዴ ላይ ያለው እዚህ ድረስ ነበር።
ከዚያ በኋላ ግን፣ ማንም ሳያስተምር፣
ሰጠኝ ታክሲውን ትቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤
«ስም ከነአባት!» አለ፤ ድምፁም ተለወጠ።
መዝግቦ ሲጨርስ ዐሥራ አንድ ስም ሞላ፤
የሳቀ አልነበረም ከአራተኛው በኋላ።
ማዘንጊያን ለብቻው ከጥግ አቆመው፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ።
ደወል ገላገለው።

በማግሥቱ ስም ጠራሁ።
ባዩህ? «አቤት።» እንየው? «አቤት።»
ማዘንጊያ?
ማዘንጊያ?
ከሦስተኛው ረድፍ ዐይኑን ተክሎ ያየኛል፤
ለእሱ ጨዋታችን ዛሬም ይቀጥላል።

በሰባ፣ በግንቦት፣ ጎንደር፣ በዚሁ ክፍል ውስጥ፣
የወንድሜን ስም ጠርቶ መምህሬ ሲያደምጥ
መልስ አልነበረም። «ቀሪ» ብሎ በቀይ ጻፈ፤
ወደሚቀጥለው ስም ሳይዘገይ አለፈ።
የሚቀጥለው ስም የኔ ነበር።
«አቤት» አልኩ።

አሁን ብዕሩ እጄ ላይ ነው፤ ቀለሙ ያው ቀይ ነው።
ከስሙ ፊት ለፊት ያለው ሣጥን ባዶ ነው።
ማዘንጊያ፣ ልጄ፣
አቤት በለኝ፤
ቀሪዋስ እኔ ነኝ።