ግማሽ ጥማድ

ሰው «መሬት» ሲባል ሜዳ ይመስለዋል፤
የኔ ግን ቆሟል፤
ኩታበር አፋፍ ላይ ወገቡን ይዞ ወንዝ ቁልቁል ያያል።
ግማሽ ጥማድ ነው፤ ሲሶው ድንጋይ፣
የቀረው አፈር፣ እሱም የሚኮበልል የሐምሌን ጎርፍ ሲያይ።

አባቴ ምንጩ ዳር ዛፍ ተክሎ ነበር፣
ቅየሳ የመጣ ዓመት፣ ለድንበር።
«ባሕር ዛፍ» ያሉት ከባሕር ማዶ ስለመጣ፤
እኔ ግን ሳየው፣ ባሕር ስለሚጠጣ።
አልክድም፣ ቆርቆሮ ሆኖልናል፣ ደብተር፣ የእህቴ ሰርግ፤
ምንጩ ግን በየበጋው አንድ እንስራ ሲጎድል፣ ሲሸሽግ፣
ጭቃ ሆነ። ጭቃውም ደረቀ፤
«እዚህ ድረስ ነበርኩ» የሚል ነጭ መስመር ድንጋዩ ላይ ተጣበቀ።

ቆረጥኩት። አርባ ሦስት ግንድ።
አራጋው አጥሩን ተደግፎ፣ «ሙሄ፣ ባንክህን ልትንድ?»
ግንዱስ ቀላል ነው፤ መጥረቢያ ያውቀዋል፤
ጉቶው ነው ያስለቀሰኝ፤ ዞር ስትል ያቆጠቁጣል።
ሥሩን ተከትዬ ስቆፍር የአባቴን ማጭድ አገኘሁ፣ ዝጎ፣ እጀታው የተበላ፤
ካብ ውስጥ ቀበርኩት፣ ያግዘኝ ብዬ እሱም በኋላ።
በእንጨቱ ዋጋ ችግኝ ገዛሁ፣ ዋንዛና ሰስፓኒያ፤
ለካቡ ዳር ሣር፤ ለላሚቱ ገመድ፣
ታስራ ትቀለባለች ከእንግዲህ ወዲያ።

ከዚያ የኩበት ጠብ መጣ።
ጦይባ እበቱን ጠፍጥፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤
እኔ እየላጥኩ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ። አንድ ቀን አየችኝ፤ ዝም አለች፤
ከዚያ፦ «አፈሩ ይብላ ካልክ፣ እሺ፣ ይብላ፤
ልጆችህስ? ባቄላውን ጥሬ? በምን ላብስለው ሌላ?»
እውነቷን ነው። መልስ አጣሁ።
ሦስት ቀን ያኮረፈ ቤት ውስጥ ዋልኩ፣ አመሸሁ።
በአራተኛው ራሷ ቅርጫቱን አነሳች፤
ግማሹን ለምድጃ፣ ግማሹን ለጉድጓዱ ከፈለች፤
«ሰስፓኒያህ ጭራሮ እስኪወጣው» አለች፣ «ይቺ መሬት
ጣውንቴ ትሁን፤ ተካፍለን እንኖራለን በአንድ ቤት።»

የመጀመሪያውን ብስባሽ ቸኩዬ አወጣሁት፤
ገና ይፈላ ነበር፤ በርበሬውን ፈጀሁት።
የግብርና ባለሙያዋ ልጅ እጇን ከተተች፣ ሳቀች፤
«ጋሼ ሙሄ፣ ሊጡን እኮ ነው የበተኑት» አለች።
ስልሳ ችግኝ ሞቶ
ሳቅ ከየት ይመጣል?

አሁን ግን ሐምሌ ሲገባ ካቡ ሥር ቁጭ እላለሁ፤
አፈሩ እየሮጠ መጥቶ፣ ሲደክመው፣ ሲቀመጥ አያለሁ።
አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፤
ጣቴን እየሰካሁ፣ እንደ ንፉግ ነጋዴ ስሰፍር።
አራጋው አላመነም። ባለፈው ግን ሲመሽ ጠብቆ መጣና፣
«የዚያ የሰስ... ምንትስህ ዘር ይኖራል? ለፍየል ነው»
አለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገና።

ሦስት ዓመት። ምንጩ አልፈለቀም፤ አልዋሽም።
መስከረም ላይ ነጩን መስመር ስዳብስ ግን
መዳፌን ቀዘቀዘኝ፤ እርግጠኛም አይደለሁም።
ድንጋዩን ፈንቀል ባደርገው፣
አንዲት እንቁራሪት፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ፍጥጥ ብላ
አየችኝ፣ ግብር የከፈለች ባለ ርስት መስላ።

ለአራጋው አልነገርኩም። ለጦይባ ነገርኳት።
ምንም አላለች።
ጓዳ ገብታ፣ ተደፍቶ የቆየውን እንስራ አነሳች፣
የሸረሪቱን ድር በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣
አፉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠች።