ልክ

የቴብስ ጫማ ሰፊ ነኝ፤ ከሰባቱ በሮች በአንዱ በኩል፣
ቆዳ ከሚነከርበት ወንዝ ዳር፣ ሽታው ከማይነቀል።
ሰው የሰውን ፊት ያያል፤ እኔ እግር አነባለሁ፣
ጎንበስ እንዳልሁ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ አውቃለሁ።
በመደርደሪያዬ የእንጨት እግር፣ የነጋዴ፣ የአለቃ፣
የማንንም ልክ አልጥልም፣ የባለቤቱ ዕድሜ ቢያበቃ።

የቀድሞው ንጉሥ ልክ ከሁሉም በላይ ነበረ፣
ጉዞ ወጥቶ፣ ሦስት መንገድ ከሚገናኝበት የቀረ።
የወይራ እንጨት፤ ጠባብ ተረከዝ፤
ሁለተኛዋ ጣት ከአውራው ረዝማ፣ ጫፏ የታጠፈ እንደ ምርኩዝ።

አዲሱ መጣ፤ እግሩ እርጥብ ነው ተባለ፣
አውሬዋ ከገደል ወደቀች፣ ከተማው እልል አለ።
እንቆቅልሿም የእግር ነበር፤ አራት፣ ሁለት፣ ሦስት፤
እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ! ጫማ ሰፊን ግን ማን ጠይቆት?
«በሟቹ እግር ተተካ» አሉ፤ አባባል ነው፣ እኔም አልሁ፤
ልኩን ልወስድ የተጠራሁ ዕለት ግን ሌላ ነገር አየሁ።

ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ፣ በሕፃንነቱ የተወጋ፣
«ጠፍሩን ላላ አድርገው» አለኝ፣ ዝቅ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋ።
እኔ ጠባሳውን አላየሁም። ጣቲቱን ነው ያየሁ።
ማታ በሬን ዘግቼ የሟቹን እንጨት አወረድሁ።

ልክ ነበር።
ተረከዝ ለተረከዝ፣ አጥንት ለአጥንት፣ ልክ ነበር።

ሚስቴ ዴክሲጳ «ምን ሆንህ?» አለችኝ ከአልጋ፣
«ወስፌ ወጋኝ» አልኋት፤ ደሙም አልቆመ እስኪነጋ።
ሰርጉ ተደግሶ፣ ወይኑ ተቀድቶ፣
«ጣቱን እዩልኝ» ይላል ማን፣ ደፍሮ አደባባይ ወጥቶ?
ንግሥቲቱም አዘዘች፣ ለሙሽርነቷ፣ በቀይ ቆዳ፤
ሰፋሁላት። ወርቅ ሰጠችኝ። በላሁት። ይኸው ነው ዕዳ።

አራት ልጆች፣ አራት ልክ።
ወንዶቹ አንድ ጥንድ ጫማ ግራና ቀኙን ተካፍለው፣
እያነከሱ ግቢውን ይዞሩ ነበር፣ አልሰጥም ተባብለው።
ታናሺቱ በጫማዋ ትተኛለች፣ ይወስዱብኛል ብላ ሰግታ፤
ታላቂቱ በባዶ እግሯ ትመጣለች፣ የእሷን ለውሻ ሰጥታ።

ቸነፈር ገባ። ንጉሡ መርምሮ፣ እየለመኑት «ተው» እያሉት፣
ልኩን አወቀ።
የንግሥቲቱ እግር መሬት አልነካም ሲያገኟት፤
ቀዩ ጫማ ከሥር፣ አንዱ በጎኑ፣ አንዱ ቀና ብሎ ሲያያት።

እሱን በሩ ላይ አገኘሁት፤ ሁለት እግርና ምርኩዝ፣
ልጁ ክንዱን ይዛ፣ ዓይን የሌለው ፊት፣ ለጉዞ ሲጓጓዝ።
ላላ ያለ ጫማ አጠለቅሁለት። «ስንት ነው?» አለኝ በዝግታ።
«ዕዳ የለብህም» አልሁት። የሚቀረኝን ዋጥሁ፣ የዚያችን ማታ።

ከዚያ ወንዶቹ፤ ዙፋኑም እንደ ጫማው ሆነ፤
በአንድ በር፣ በአንድ ቀን፣ እጅ በእጅ ሁለቱም ባከነ።
አንዱ በክብር ተቀበረ። አንዱ ለጥንብ አንሣ፣ ሜዳ ላይ፣
ጫማውን ዘበኛ ወስዶበት፣ ጣቲቱ ወደ ሰማይ።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች ይዘውኝ ሄዱ።
ሬሳው አፈር ለብሷል። ከአጠገቡ ዱካ።
«አንብብ» አሉኝ።
ተንበረከክሁ። ባዶ እግር። ጠባብ ተረከዝ።
«የቀበሮ ነው» አልሁ፣ በመዳፌም ጠረግሁት።
አንዴ ዝም ብዬ የገደልሁ ሰው፣ አሁን ለማዳን ዋሸሁ፤
እሷ ግን ራሷ መጥታ «እግሬ ነው» አለች። አልቻልሁ።

ዘንድሮ ብርዱ ሲጠና፣ ተለማማጄ ሜላንታስ፣
«ባለቤት የሌላቸውን እንጨቶች እናንድድ» ይላል። «ተው፣ ታገሥ።»
ትናንት አንዲት ሴት ገባች፣ ጥላዋን እንኳ የምትፈራ፣
ተከናንባ። እግሯን ዘረጋች። ስሟንም አልተናገረች፣ አልጠራሁም።
ክር አልለካሁባትም።
ተነሥቼ ከላይ አወረድሁት፣ ትቢያውን በእጅጌዬ ጠርጌ።
ልክ ነበር።