ዘጠና ሁለት እርምጃ

ከተመራጮቹ ደጅ እስከ ዑለማው በር
ዘጠና ሁለት ነው፣ እርምጃው ሲቆጠር።
ቴህራን ላይ ቺናሩ ቅጠሉን ሲያረግፍ
እኔ ጎላምረዛ፣ ሕግ ይዤ ሳልፍ፣
ሃያ ሰባት ዓመት በዚችው እርምጃ
አንድ ጉልበት ፈጀሁ፤ ስንት ሕግ? እኔ እንጃ።

ስሄድ ይከብደኛል፦ የሦስት ወር ክርክር፣
የሁለት መቶ ሰው ጩኸትና ምክር።
ስመለስ አንድ ገጽ፣ የምትስስ ከቅጠል፤
ማኅተሙ ሳይደርቅ «አይስማማም» ይላል።

ሽማግሌው ሼኽ ግን ክፉ ሰው አይደሉም፤
ሻይ ሳያስቀዱልኝ ሰነድ አይቀበሉም።
«ዝናብ በድምፅ ብልጫ ዘንቦ ያውቃል?» ብለው
ይስቃሉ ደግሞ፣ ስኳር በጥርስ ይዘው።

ታህሚኔ በበኩሏ፣ የከርማን ተመራጭ፣
መነጽሯ ስንጥቅ፣ ንግግሯ ቆራጭ፣
«ዝናቡስ የአላህ ነው፤ ቦዩን ማን ቆፈረ?»
አለች። ይህን አላደረስኩም፤ ሆዴ ውስጥ አደረ።
«አንተ ነህ ሚዛኑ» ብላኛለች አንድ ቀን፤
የሚዛን ወገቡ ምን ይሰማው ይሆን?

ዛሬ የያዝኩት ሕግ አይሞላም አንድ ገጽ፤
«ሳትደርስ አትዳር» ነው የመጀመሪያው አንቀጽ።
የልጅ ልጄ ማህሩ አሥራ ሦስት ነው ዕድሜዋ፤
ለአንድ ባለ ሱቅ አጭቷታል አባቷ።
ሰማንያ ስድስት ላይ ጉልበቴ ቆመብኝ፤
የቀሩት ስድስቱ ስድስት ዓመት ሆኑብኝ።

ሼኹ ሻይ አስቀዱ፣ ዱዓም አደረጉ፤
ወረቀቱን አዩ፣ መነጽር ፈለጉ።
«ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ።

ዐምና ተሰልፌ፣ ጣቴን ቀለም ነክሬ፣
ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ በምን ልናገር ዛሬ?