የደመና ቁልፍ፣ ቅጽ ዐሥራ ሁለት

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ደረጃ ሥር አለችኝ ያረጀች አንድ ዕቃ፤
ፎቶ ኮፒ ማንሻ፣ ቀለሟ የሳሳ፣
መብራት በመጣ ቀን ከሞት የምትነሣ።

ውክልናና ሲቪ፣ የዕድር ደንብ ስቀዳ፣
ይትባረክ ከች አለ ሐሙስ በማለዳ፤
የሕንፃ ንድፍ ሠሪ፣ ሥራ ያጣ ዘንድሮ፣
አንድ ደብተር አመጣ በሥዕል ተወጥሮ።
«የደመና ቁልፍ» ይላል የፊት ገጹ፤
«ሃምሳ አውጪልኝ» አለኝ፣ «አንደኛው ነው ቅጹ።»

አገሩ ውሃ የለው፣ ደመና ያመልካል፤
ሊቀ ደመናቸው ጸሎት በሊትር ይለካል፤
ጥምጥሙ ዘጠኝ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራ፣
ጫፉ ላይ ቁራ አለ ትንቢት የሚያወራ።
ተቀናቃኝ አለው፣ ሊቀ ጭጋግ ስሙ፣
ሲቆጣ ከአፍንጫው ይትጎለጎላል ጉሙ።
እመት ካፊያም አሉ፣ ጃንጥላ ባራኪ፣
ቀን ቀን አስታራቂ፣ ማታ ነገር ነካኪ።
ጠቡ ለአንዲት ቁልፍ ነው፣ ለዛገች፣ ለጎባጣ፣
የሰማዩን ቧንቧ ከፍታ ዝናብ ልታመጣ።

ድግምት ተወራወሩ፤ ዒላማው እየሳተ
ስንቱ ምእመን ዱባ ሆኖ በየደጁ ተጎለተ!
ዱባው ግን ምን ጎድሎት? አሜኑ አልቀረ፤
ዐሥራት መክፈሉ ብቻ በዱባነት ተሻረ።

በየገጹ ጥግ ላይ አንዲት ሴት ተሥላለች፣
የወዳደቀውን ድግምት ትጠርጋለች።
ስም የላት፣ ቃል የላት፣ አንድ መጥረጊያ ብቻ፤
«ማናት?» ስለው አለኝ፦ «ያልተገኘላት አቻ።»

ቅጽ ሦስት ሲወጣ ሰፈሩ ታመሰ፣
ከቦቴው ሰልፍ ተነሥቶ ታክሲ ተራ ደረሰ።
አቶ ተክለሐና ነጠላ አጣፍተው መጡና፣
«ጭጋግ የአዳራሹ ሰው ነው! ለየሁት» አሉ፣ ሳቁና።
ወንጌላዊ ብሥራት ደግሞ ከረባቱን እያቃና፣
«የደብሩን አለቃ ሣለው! ይበርታ፣ ይቀጥል ገና!»
ሐጂ ኑርሰፋ ዐሥር ቅጂ በአንድ ጊዜ ገዙ፤
«ሁለቱንም አወቅኋቸው» አሉ፣ ሙስበሐ እየመዘዙ።
ኮከብ ቆጣሪው እንኳ ከገላን ሰው ላከ፣
«ሁሉንም ለየሁ» ብሎ፣ ለሌላ እያላከከ።
ሃምሳው መቶ ሆነ፣ መቶው ሁለት መቶ፤
ማንም አልተቆጣም የራሱን መልክ አይቶ።

ቅጽ ዐሥራ ሁለት።
ቁልፏ ከእጅ አምልጣ ወደ ላይ ተወረወረች፣
ሦስት ጥምጥም አንጋጠጠ፣ አየር ላይ ዞረች፣
ልታርፍ ስትል በአንዱ መዳፍ፣
መብራት ጠፋ፣ ልክ እዚያ ጫፍ።
ማሽኗ ጨለማ ውስጥ ግማሹን ገጽ ዋጠች፤
ሲነጋ፣ ከደመናው በታች ባዶ ነጭ ሰጠች።
«በቃ እንዲሁ ሽጪው» አለ ይትባረክ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ።
ሸጥኩት። ሁለት መቶ።

በሳምንቱ መጡ፣ ባዶውን በእስክሪብቶ ሞልተው፣
«ይሄኛውን አባዢ፤ ትክክለኛው ይሄ ነው።»
አንዱ ቁልፏን ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጥሯታል፤
አንዱ ከረባቱ ላይ እንደ ወርቅ ሰክቷታል፤
አንዱ ከሙስበሐው ክር፣ ከዶቃው መሐል አስገብቷታል።
የእኔ ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለሰው አላሳየሁም።
ቁልፏ መዳፌ ላይ ናት፤ ጣቶቼን ግን በደንብ አልሣልኩም።
ጠራጊዋን የሣለ የለም።

የብሎካችን ደረጃ ጠራጊ፣ ሽታዬ፣
የተበላሸውን ወረቀት «ለእሳት ማያያዣ» ብትለኝ ሰጠኋት ጠቅልዬ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳይጸለይ፣ ሳይደገም፣
ውሃ መጣ፤ ተኝተን ነበር፣ የሰማ የለም።
እሷ ብቻ ነቅታ፣ ከግቢው ቧንቧ ሥር፣
ቢጫ ጀሪካኗን ስትሞላ ነበር።